ዋስ የሌለው ገበያ፦ የመኪና ሻጭ ብሶት ከየት መጣ?

«የመጨረሻ ስንት?»

መኪናውን ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው መልእክት ይሄ ነው። ሰላምታ የለም፣ «መጥቼ ልየው» የለም፣ «ሞተሩ እንዴት ነው» የለም። ሁለተኛው መልእክት የደላላ ነው፦ «ወንድሜ ገዥ አለኝ፣ ዋጋውን ለኔ ተወው።» ሦስተኛውም የደላላ ነው፣ ራሱን ገዥ ያስመስላል እንጂ። ሳምንት ሳይሞላ ያው መኪና በያው ፎቶ፣ በሌላ ቻናል፣ በሌላ ስልክ ቁጥርና በሌላ ዋጋ ይገኛል። ባለቤቱ የገዛ መኪናውን ዋጋ ከሰው ይሰማል።

እውነተኛ ገዥ ሲመጣም ነገሩ አይቀልም። መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ የመካኒኩ ሥራ ደግሞ እንከን መፈለግ ብቻ ሳይሆን ዋጋ ማስቀነስ ጭምር ነው። ገዥው ሻጩን ይጠረጥራል፣ ሻጩ ገዥውን፣ ሁለቱም ደላላውን፣ ደላላው ደግሞ «ከኋላዬ ተነጋግረው ኮሚሽኔን ይበሉብኛል» ብሎ ሁለቱንም። በዚህ ስንማረር «ሰው ተበላሽቷል» ብለን እናልፋለን። ሰው ከዛሬ ሰባና መቶ ዓመት በፊትም ከዚህ የተለየ መልአክ አልነበረም። የተለየው ገበያው የሚቆምበት መሠረት ነው። እሱን ለማየት መኪና ወዳልነበረበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

ከመኪና በፊት በቅሎ ነበረች። ጥሩ ሰጋር በቅሎ ያለው ሰው በዘመኑ ላንድክሩዘር እንዳለው ሰው ይታይ ነበር። ገዥ አፏን ከፍቶ ጥርሷን እያየ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ጀርባዋን ዳብሶ የኮርቻ ቁስል ይፈልጋል፤ አስኪዶ እርምጃዋን ያያል። ሻጭም ያው ሻጭ ነው፣ ያሞግሳል። «በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለው ተረት ዛሬም የመኪና ገበያ ላይ ይሠራል። «ይሄ መኪና ተገጭቶ ያውቃል?» ሲባል «ከዱባይ ነው እኮ የመጣው» ብሎ የሚመልስ ሻጭ የበቅሎዋን መልስ ነው የመለሰው።

ግን የበቅሎ ገበያ ዛሬ የሌለን አንድ ነገር ነበረው፦ ዋስ። ገዥ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት «ዋስ ጥራ» ይላል። ሻጩ የሚታወቅ፣ አገር ያለው፣ ቤቱ የሚገኝ ሰው ያቆማል። በቅሎዋ የሰው ሆና ብትገኝ፣ «የኔ ናት» ባይ ቢመጣ፣ ተጠያቂው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ዋሱም ነው። ዋስ መሆን ቀልድ አልነበረም። ሻጩ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ ዋሱ ራሱ የማያምነውን ሰው ዋስ አይሆንም። ፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና መግዛት፣ ስለ ዋስትናም የሚናገሩ አንቀጾች አሉት። ገበያው የቆመው ሰው ሁሉ እውነተኛ ስለነበረ አይደለም። ውሸት ሲገኝ ከኪሱ የሚከፍል ሰው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው።

ከዚያ መኪና መጣ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ መኪና አዲስ አበባ አድርሶ ለአፄ ምኒልክ አሳየ። ለብዙ ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የውጭ ሰዎች ዕቃ ሆኖ ቆየ። የሕዝብ ቋንቋ ውስጥ የገባው በጣሊያን በኩል ነው፤ ቀድሞ በኤርትራ፣ ኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ። ጋራዥ ገብታችሁ የምትሰሙትን አስቡት፦ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ። ሁሉም የጣሊያን ልጆች ናቸው።

ለሻጭ የሚበልጡት ግን ሌሎች ሦስት ቃላት ናቸው፦ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ። ታርጋ በጣሊያንኛ የቁጥር ሰሌዳ ነው። ቦሎ ማኅተም ነው። ሊብሬ ደግሞ የ«ሊብሬቶ» ዘመድ ነው፣ ትንሽ መጽሐፍ ማለት። ልብ በሉ፣ ሦስቱም የመኪና አካል አይደሉም፤ የመንግሥት ምልክት ናቸው። በቅሎ ሊብሬ አልነበራትም፣ ሰው ነበራት። መኪና ሲመጣ ማስረጃው ከሰው አፍ ወደ ወረቀት ተዛወረ። ወረቀት ደግሞ የማን ንብረት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ሞተሩ ዘይት ይበላ እንደሆነ አይናገርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሄን ሽግግር አጸናው። ሕጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበር። እያንዳንዱ መኪና ሻጭ ቢያውቀው የምለው አንቀጽ 2081 ነው። በአጭሩ ሲነገር፣ የመኪና ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ።

ይሄ አንቀጽ በአገራችን የመኪና ገበያ ልማድ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚፈጥር ተመልከቱ። ብዙ መኪና የሚሸጠው በስም ዝውውር ሳይሆን በውክልና ነው። ሻጩ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ (የቀድሞዎቹ «ውልና ማስረጃ» የሚሉት ቢሮ ነው) ለገዥው የመሸጥ፣ የመለወጥ፣ ስም የማዛወር ውክልና ይሰጣል፤ ብሩን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል። ገዥው ብዙ ጊዜ ነጋዴ ነው፤ በስሙ ቢያዛውር ወጪ ነው፣ እሱ ደግሞ መኪናውን በሳምንት ውስጥ አትርፎ ሊሸጠው ነው። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የመጀመሪያው ሰው ስም ሆኖ ይቀራል። መኪናው ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ አንድ ሌሊት ሰው ቢገጭ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? «ሸጬዋለሁ እኮ!» ማለት ይቻላል፤ ግን ማስረዳቱ የሻጩ ፋንታ ነው። በበቅሎ ዘመን ዋስ ለሻጩ ይቆም ነበር፤ በውክልና ዘመን ሻጩ ለማያውቀው ገዥ ሳያውቀው ዋስ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ የብሶቱ ግማሽ እዚያ ነው።

በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ በወጣበት ቀን ዋጋው መውረድ ይጀምራል። እኛ ጋ መኪና ሀብት ማስቀመጫ ነው። ለምን? በደርግ ዘመን አንድ ዶላር በመንግሥት ተመን 2.07 ብር ነበር፤ ግን በዚያ ዋጋ ዶላር አግኝቶ የግል መኪና ማስመጣት ለተራ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ያለው መኪና አያረጅም፣ ይታደሳል። የቮልስዋገኗ ጥንዚዛ ከንጉሡ ዘመን ተነስታ ደርግን አልፋ ኢሕአዴግን ያየችው የጀርመን ብረት ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ተተኪ ስላልነበራትም ነው። በ1985 ዓ.ም. ዶላር በአንዴ 5 ብር ሲገባ ሰዉ አንድ ትምህርት ያዘ፦ ባንክ ያለ ብር ይቀልጣል፣ ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ግን አይቀልጥም።

ቀጥሎ የቶዮታ ዘመን መጣ። ከዱባይ ያገለገሉ ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ያሪሶች ገቡ። እዚህ ጋ አንድ የተረሳ ታሪክ አለ። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በመንገድ ግራ በኩል ነበር የምትነዳው፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ዞረች። ጃፓን ግን ዛሬም በግራ ነው የምትነዳው፣ መሪዋም በቀኝ ነው። ስለዚህ ለጃፓን መንገድ ከተሠሩት ብዙዎቹ እኛ ጋ የደረሱት መሪያቸው ተነቅሎ ወደ ግራ ከዞረ በኋላ ነው። «መሪው የዞረ ነው ወይስ ኦሪጅናል?» የሚለው የገዥ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ሲገዛ ማን ነገረው?

ግብሩም ከላይ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ትንሹን ሞተር፣ እስከ 1300 ሲሲ ያለውን፣ 30 በመቶ፣ ከ1800 ሲሲ በላይ ያለውን ደግሞ 100 በመቶ አስከፈለ። ይሄ ከጉምሩክ ቀረጥና ከሌሎቹ ታክሶች ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጣው አዲሱ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ በረታ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ እየወጣ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፣ ክፉ ዓላማም አይደለም። ግን የገባው አሮጌ መኪና ባለቤት በአንድ ሌሊት ውድ ዕቃ ያለው ሰው ሆነ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የግል መኪና እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እንግዲህ ሻጩን አስቡት። መኪናውን የሚሸጠው ለልጁ ትምህርት ወይም ለእናቱ ሕክምና ቢሆን፣ የሚሸጠው ተሽከርካሪ ብቻ አይደለም፤ ያጠራቀመውን ሁሉ ነው። ዋጋው ላይ ከተሳሳተ ያንኑ መኪና መልሶ አይገዛውም። ገዥውም እንደዚያው፤ የዕቁቡን፣ የብድሩን፣ ዓረብ አገር ያለች እህቱ የላከችውን ይዞ ነው የመጣው። ሁለት የሚፈሩ ሰዎች አንድ ኮፋኖ ከፍተው ይቆማሉ። «የመጨረሻ ስንት?» ጨዋነት የጎደለው ጥያቄ ይመስላል እንጂ የፍርሃት ጥያቄ ነው።

ይሄን ፍርሃት በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የጻፈው አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ስለ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሦስት መጽሔቶች አንቀበልም ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ያው ሐሳብ የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋናው ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዥ አያውቅም። ስለዚህ ገዥ ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው በዚያ ዋጋ ተናዶ ከገበያ ይወጣል። የሚቀረው መጥፎው ነው፤ ገዥም የባሰ ይጠረጥራል። እውነተኛ ሻጭ የሚቃጠለው ለዚህ ነው፤ ያልዋሸውን ውሸት ዋጋ ይከፍላል። ዘይት በጊዜው የቀየረበት፣ ኪሎሜትሩን ያላስመለሰበት መኪና፣ ካስመለሰው ጋር እኩል ይጠረጠራል።

መፍትሔው በሌላ አገር ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ ድርጅት፣ የአደጋ መዝገብ፣ የምርመራ ሰርተፊኬት ሆነ። እኛ ጋ ክፍተቱን የሞላው ደላላው ነው። ደላላን መስደብ ቀላል ነው፤ ግን ያለሱ ብዙ ገዥና ሻጭ አይገናኝም፣ ስሙ የሚያስፈራው ሐቀኛ ደላላም አለ። ጥያቄው ሌላ ነው። ደላላው ሁለት ፐርሰንቱን የሚበላው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ከወር በኋላ ካምቢዮው ሲወድቅ እሱ የለም። ውል ላይ ምስክር ሆኖ ቢፈርም እንኳ ምስክር ያየ ሰው ነው፣ የሚከፍል ሰው አይደለም። ደላላው የዋሱን ወንበር ወረሰ፤ የዋሱን ዕዳ ግን አልወረሰም። የብሶታችን ሥር እሱ ነው።

የሚገርመው ሕጉ ዋስን አልረሳም። ያው የ1952ቱ ሕግ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ስለ ዋስትና ይደነግጋል፤ ባለዕዳው ካልከፈለ ዋሱ ይከፍላል። አንቀጽ 2287 ደግሞ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር እንደሚስማማና ጉድለት እንደሌለበት ኃላፊነት አለበት ይላል። ባንክና ቀጣሪ ዛሬም ዋስ ይጠይቃሉ። የመኪና ገበያው ብቻ ነው የተወው።

ሻጭ ብቻውን አገር አይቀይርም፣ የራሱን ሽያጭ ግን ይቀይራል። የሚያውቀውን ጉድለት ውሉ ላይ ማስፈር ዋጋ የሚቀንስ ይመስላል፤ ግን ነገ «ደበቅከኝ» የሚባልበትን በር ይዘጋል። ታክስ ለመቀነስ ብሎ ውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ግን በእጅ ያለው ማስረጃ ያ ትንሹ ቁጥር ነው። ከሁሉም በላይ፣ ቁልፉ ከእጅ ሳይወጣ ስም ይዛወር። ገዥው «በውክልና ይለቅ፣ ምን ቸገረህ?» ካለ መልሱ አጭር ነው፦ «ዋስህ ማነው?»