በዕድሜ የገፉ ድመቶች የመገጣጠሚያ ሕመም፦ ምልክቶቹ፣ ሕክምናውና የቤት ውስጥ እንክብካቤው

ድመት እህልን በጎተራና በጓዳ ከአይጥ በመጠበቅ ከቤተሰብ ጋር ለረጅም ዘመን የኖረች የቤት እንስሳ ናት። ዕድሜዋ ሲገፋ አይጥ ማሳደዷን፣ አጥር ላይ መውጣቷንና ሰውነቷን መላሷን ስትቀንስ ብዙውን ጊዜ «አርጅታለች» ወይም «ሰንፋለች» ተብሎ ይታለፋል። ይሁንና እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም፤ የእነዚህ ለውጦች መነሻ በሕክምና ሊታገሥ የሚችል የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ሕመሙን ለማስታገሥ በሚል በቅን ልቦና የሚሰጥ የሰው መድኃኒት ድመቷን ለሞት ሊዳርጋት ይችላል። ይህ መረጃ አሳዳጊዎች ሕመሙን በጊዜ እንዲለዩ፣ ከአደገኛ ስሕተት እንዲጠበቁና ተገቢውን አገልግሎት እንዲያገኙ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

የሕመሙ ምንነት

በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍን ካርቲሌጅ የተባለ ልስልስ አካል አለ። ይህ ሽፋን በዕድሜ ብዛት፣ ቀደም ሲል በደረሰ ጉዳት ወይም በተፈጥሮ የመገጣጠሚያ ጉድለት ምክንያት ሲሳሳ አጥንቶች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ መገጣጠሚያውም ይቆጣል፣ ይደርቃል፣ ያማል። በተለምዶ ቁርጥማት የሚባለው አርትራይተስ ይህ ነው። በድመቶች ላይ በብዛት የሚታየው በክርን፣ በዳሌ፣ በጉልበትና በጀርባ አጥንት መገጣጠሚያዎች ነው።

ሕመሙ ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶችን የራጅ ምስል መርምሮ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መጎዳት ምልክት አግኝቷል። የተጎዳው ካርቲሌጅ ወደ ቀድሞ ሁኔታው አይመለስም፤ ሥቃዩን መቀነስና ድመቷ ያለ ችግር እንድትንቀሳቀስ ማድረግ ግን ይቻላል።

ትኩረት የሚሹ ምልክቶች

ድመት ሕመሟን የመደበቅ ተፈጥሮ አላት። ሁለቱም ወገን እግሮቿ እኩል ሲታመሙ ላታነክስ ትችላለች፤ ላትጮህም ትችላለች። ስለሆነም አሳዳጊው የዕለት ተዕለት ልማዷ መለወጡን ማስተዋል ይኖርበታል። ከሚታዩት ለውጦች መካከል፦

• ቀድሞ በቀላሉ ትወጣበት ወደነበረው አልጋ ወይም መስኮት ለመዝለል ማመንታት ወይም በሁለትና በሦስት ደረጃ መውጣት፤
• ከእንቅልፍ ስትነሣ ለጥቂት ጊዜ ደርቃ መራመድ፤
• ጀርባዋንና ጭራዋ አካባቢ ያለውን ፀጉር መላስ ባለመቻሏ ፀጉሯ መቋጠሩ፤
• ጥፍሯ መርዘሙና ወለል ላይ ስትሄድ መሰማቱ፤
• ከተለመደው ቦታ ውጭ መጸዳዳት፤
• ስትነካ ወይም ስትታቀፍ መቆጣት፣ መቧጨር ወይም መሸሸግ ይገኙበታል።

ከእነዚህ ምልክቶች ጥቂቶቹ በኩላሊት ሕመምና በሌሎች የእርጅና ዘመን በሽታዎችም ሊከሰቱ ስለሚችሉ ምክንያቱን መለየት የእንስሳት ሐኪም ኃላፊነት ነው።

ለድመት መሰጠት የሌለባቸው መድኃኒቶች

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት አጣርቶ ለማስወገድ የሚያስችለው የኢንዛይም አቅም እጅግ አነስተኛ በመሆኑ መድኃኒቱ ወደ መርዛማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ደምም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል። ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ፍሬ ክብደቷ 4 ኪሎግራም የሆነን ድመት ሊገድል ይችላል። ፍሬውን ከፍሎ ማሳነስም ከአደጋው አያድንም።

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲሰጡ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ለውሻ የታዘዘ መድኃኒት ለድመት መስጠትም የተከለከለ ነው። ለሰው ጡንቻ ማሻሻ የሚውሉ ካምፎር ያለባቸው ቅባቶች፣ ድመት ሰውነቷን ስለምትልስ፣ በአፏ በኩል ይመርዟታል።

ድመቷ ፓራሲታሞል መውሰዷ ከታወቀ ወይም ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ከተለወጠ፣ ፊቷና መዳፎቿ ካበጡ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች አሳዳጊው ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዟት መሄድ አለበት። በቤት ውስጥ እንድታስመልስ መሞከርም ሆነ ወተትና ዘይት ማጠጣት ጊዜ ከማባከንና ጉዳት ከማስከተል ያለፈ ጥቅም የለውም። በጊዜ የደረሰች ድመት አሴቲልሲስቴይን በተባለ ማርከሻ ልትታከም ትችላለች። የተወሰደውን መድኃኒት ማሸጊያ ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ሥራ አጋዥ ነው።

በሕክምና ተቋም የሚሰጠው አገልግሎት

አሳዳጊዎች በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ ደረጃ በሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም ፈቃድ ባለው የግል ክሊኒክ አገልግሎት ማግኘት ይችላሉ። ለተጨማሪ ምርመራ በቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅን የመሰሉ የማስተማሪያ ተቋማት በአማራጭነት መጠየቅ ይቻላል።

ድመት በማታውቀው ቦታ ስትሆን በፍርሃት ስለምትደርቅ ሐኪሙ የአካሄዷን ችግር ላያስተውል ይችላል። በመሆኑም በቤቷ ስትራመድና ስትዘል በስልክ የተቀረጸ አጭር ምስል፣ ለውጡ የጀመረበት ጊዜ፣ የክትባት ማስረጃና እስካሁን የተሰጧት መድኃኒቶች ዝርዝር ቢቀርቡ ምርመራውን ያፋጥናሉ። ድመቷን አየር በሚያስገባና በሚዘጋ ቅርጫት ወይም ካርቶን ማጓጓዝ ተገቢ ነው።

ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቿን በእጅ ይመረምራል፣ ክብደቷን ይለካል፤ እንደ ተቋሙ አቅም የራጅ፣ የደምና የሽንት ምርመራ ያዛል። በአረጁ ድመቶች ላይ የኩላሊት ሕመም የተለመደ በመሆኑ የሥቃይ ማስታገሻ ከመታዘዙ በፊት የኩላሊት ሁኔታ መታወቁ አስፈላጊ ነው። ሜሎክሲካም የተባለው መድኃኒት በአውሮፓ ለድመት ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሰጥ የተፈቀደ ሲሆን በአሜሪካ ግን በተደጋጋሚ መስጠት ኩላሊትን እንደሚያዳክም ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው በክብደቷና በምርመራ ውጤቷ ላይ ተመሥርቶ ሐኪሙ ብቻ ነው። መድኃኒት የጀመረች ድመት ምግብ እምቢ ካለች፣ ካስመለሰች ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪሙን ማማከር ግዴታ ነው።

የቤት ውስጥ እንክብካቤ

ክብደት፦ ከመጠን ያለፈ ክብደት በታመመ መገጣጠሚያ ላይ ጫና ስለሚጨምር መቀነስ አለበት። ሆኖም በድንገት ምግብ መከልከል ለከባድ የጉበት በሽታ ያጋልጣታል፤ ቅነሳው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መከናወን ይኖርበታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ስለሚጎዱ ወጥና የወጥ ፍርፋሪ አይሰጣትም።

መኝታ፦ ቅዝቃዜ ድርቀቱን ሊያባብስ ስለሚችል በተለይ በክረምት ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ባለና ነፋስ በማያገኘው ቦታ ወፍራም ጨርቅ ወይም አሮጌ ጋቢ ማንጠፍ ይመከራል።

መንቀሳቀሻ፦ ወደምትወደው ቦታ ለመውጣት የሚያግዛት ዝቅ ያለ ሣጥን ወይም የጡብ ደረጃ ማዘጋጀት፣ በሚያንሸራትት የሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ማድረግ፣ ምግብና ውኃዋን ሳትዘል በምትደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ሥቃይዋን ይቀንሳል።

መጸዳጃ፦ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ የሚደረግበት ዕቃ ቢያንስ በአንድ ጎኑ ዝቅ ያለ ጠርዝ ሊኖረው ይገባል። ውጭ የተጸዳዳችን ድመት መምታት ፍርሃትን እንጂ ለውጥን አያመጣም።

ንጽሕና፦ ራሷ መድረስ ያልቻለችውን ፀጉር በለስላሳ ማበጠሪያ ማበጠርና ጥፍሯን በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። ያልተቆረጠ ጥፍር ተጠምዞ መዳፏን ሊወጋ ይችላል።

የቤተሰብ ደኅንነት

ሥቃይ ያለባት ድመት ስትነካ ልትነክስ ስለምትችል ሕፃናት እንዳያነሷትና እንዳይጎትቷት መምከር ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም የሚተላለፍ በመሆኑ የድመቷ ክትባት ዕድሜዋ በመግፋቱ ምክንያት መቋረጥ የለበትም። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

እንክብካቤው በቂ ሳይሆን ሲቀር

ድመቷ በሳምንቱ ውስጥ የበላችበትን፣ የተንቀሳቀሰችበትንና የተሠቃየችበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ከሐኪሙ ጋር ለመወያየት ይረዳል። መድኃኒትና እንክብካቤ ተደርጎላትም መብላት፣ መነሣትና መጸዳዳት ካልቻለች፣ የሥቃይዋን ጊዜ ማሳጠርም የኃላፊነት አካል ነው። ይህ ግን በሐኪም እጅ፣ ያለ ሥቃይ የሚፈጸም ተግባር ነው። ድመትን መንገድ ላይ መጣል ወይም በመርዝ መግደል ለእንስሳዋ ጭካኔ፣ ለሌሎች እንስሳትና ለሕፃናትም አደጋ ነው። ዘመኗን ሁሉ ቤት ስትጠብቅ የኖረች እንስሳ በእርጅናዋ ሙቀት፣ ንጹሕ ውኃና በጊዜው የተጠራ ሐኪም ይገባታል።