ልጆች ከተኙ በኋላ፦ የዋግ ቤተሰብ የማታ ሸንጎ

ታሪካችን ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የቀን ታሪክ ነው። ዘመቻው፣ አዋጁ፣ ሹመቱ፣ ሰልፉ ሁሉም የሚሆነው ፀሐይ ሳለች ነው። የአንድ ቤተሰብ ትልልቅ ጉዳይ ግን በቀን አይወሰንም። የሚወሰነው ማታ፣ ያውም ልጆች ከተኙ በኋላ ነው።

ዛሬ ስለዚህች ሰዓት እንነጋገር። ቦታው ዋግ ነው፤ ሰቆጣ፣ ዝቋላ፣ የተከዜ ቆላ። ዝቋላ ሲባል የሸዋው ገዳም ትዝ ለሚላችሁ፣ ይኼኛው በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ያለው ወረዳ ነው።

ከተማ ላለ ሰው “ልጆች ከተኙ በኋላ” ማለት እፎይታ ነው። ድራማ ይታያል፣ ስልክ ይነካካል፣ ቢበዛ የነገ የትምህርት ቤት ክፍያ ይወራል። በገበሬ ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ምድጃው፣ መደቡ፣ ጎተራው፣ አንዳንዴም ጥጃው እዚያው። የልጅ መኝታ ሰዓት የለውም። ልጅ የሚተኛው እሳት ዳር ተረት ሲሰማ፣ እንቆቅልሽ ሲጠየቅ፣ መልሱን ሳይጨርስ ነው። አንሥተው መደብ ላይ ያስተኙታል፤ ጋቢ ወይም ቁርበት ያለብሱታል። ሁለተኛው ማታ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁለተኛ ማታ በመጀመሪያ የሥራ ሰዓት ነው። እናት የነገውን ታሰናዳለች፤ እህል ትለቅማለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ ወፍጮ ቤት በሌለበት ዘመንና ቦታ ደግሞ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች። አባት ጠፍር ያለሰልሳል፣ ቀንበር ይጠግናል። ማሽላ ሲደርስ ደግሞ ቤት አያድርም፤ ማማ ላይ ወጥቶ አውሬ ይጠብቃል። እነዚህን ሰዓታት የሥራ ሰዓት ብሎ የመዘገበላቸው ግን የለም ማለት ይቻላል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ኢትዮጵያውያን 24 ሰዓታቸውን በምን እንደሚያሳልፉ የጠየቀው በ2005 ዓ.ም. ነው።

ከሥራው የሚበልጠው ግን ንግግሩ ነው። የትኛዋ ፍየል ገበያ ትውጣ? ዘር ይበላ ወይስ ይቆይ? ልጅቷ ትዳር ወይስ ትማር? ከማን ይበደሩ? እነዚህ ልጅ ፊት አይነሡም። ልጅ የሰማውን ለጎረቤት ልጅ ይናገራላ! ከዚያም በላይ ልጅ መፍራት የለበትም የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ።

ፖሊ ዊስነር የተባሉ የሥነ ሰብ ተመራማሪ በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩ አዳኝ ሕዝቦችን የቀንና የማታ ንግግር አነጻጽረው በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትመዋል። በቀን ወሬው ስለ ኑሮና ስለ ሰው ስሞታ ነበር። ማታ እሳት ዳር ግን 81 በመቶው ተረትና ታሪክ ሆኖ ተገኘ። የእኛ ቤት ማታ በዚህ መለኪያ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው፤ ልጆች እስኪተኙ ተረት፣ ከተኙ በኋላ ሸንጎ።

የዋግ ታሪክ በዚህ ሸንጎ በኩል ሲታይ ምን ይመስላል?

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። በቀን የሚያርስ ሰው ፊደል የሚቆጥረው ከሥራ በኋላ ነውና ዘመቻው የወላጆችን ትርፍ ሰዓት ጠየቀ። ኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘችበት ሥራ ነው፤ ክብሩ ይገባዋል። ትምህርቱ የተሰጠው በ15 ቋንቋዎች ነበር። ኽምጣኛ ግን ከእነዚህ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ የኽምጣኛ ተናጋሪ እናት ልጇን በቋንቋዋ ካስተኛች በኋላ የምትማረው በሌላ ቋንቋ ነበር።

ከዚያ የሹክሹክታው ዘመን መጣ። ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋግ ከቀደምት መንቀሳቀሻዎቹ አንዱ ሆነ። ቀን የመንግሥት፣ ሌሊት የታጋይ በሆነ አገር ወላጅ መሆን ከባድ ነው። ማን መጣ፣ ማን እንጀራ በላ፣ የጎረቤት ልጅ ወዴት ጠፋ የሚለው ጉዳይ የሚወራው ልጅ እንቅልፍ እንደወሰደው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ራዲዮ ያለው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከውጭ የሚመጣውን ያዳምጣል። የዶይቼ ቬለ አማርኛ ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበሩ። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ወላጆቹ ሲያንሾካሹኩ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ማዳመጡን አይረሳም።

ከሁሉ የከፋው ማታ ግን የ1977ቱ ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የማይክል በርክንና የመሐመድ አሚንን የኮረም ዘገባ አስተላለፈ። ዓለም ደነገጠ፣ ዘፋኞች ተሰበሰቡ፣ እህል ተጫነ። ያንን ዘገባ ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው ምስሉ የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ዓለም ያየው ጠዋቱን ነው። ከዚያ ጠዋት በፊት ግን በየቤቱ አንድ ማታ ነበረ።

ከዋግ ቆላ ወደ ኮረም የወጣ ቤተሰብ እንዲሁ ተነሥቶ አልሄደም። በአንድ ማታ፣ ልጆች በረኃብ እያቃሰቱም ቢሆን ከተኙ በኋላ፣ ባልና ሚስት ተቀምጠው ሒሳብ አደረጉ። የቀረው እህል ለስንት ቀን ይበቃል? በሬው ይሸጥ? ከተሸጠ በምን ይታረሳል? ትንሹ መንገዱን ይችላል? አሮጊቷን ማን ይዞ ይቀራል? ኮረም የደጋ ብርድ ነው፤ ከቆላ የወጣ ሕፃን ይችለዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ አልነበራቸውም። ቢሆንም ሌሊቱ ሳይነጋ መመለስ ነበረባቸው።

ከዚያ የሰፈራው ጉዳይ ተጨመረ። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። በዚያ ግርግር ከትዳር ጓደኛውና ከልጆቹ የተለያየ ብዙ ነው። ከረኃቡ ጎን ለጎን የጠፋው ይህ የማታ ሸንጎ ነው፤ የቤቱን ጉዳይ ሁለቱ መክረው የሚወስኑባት ሰዓት። ውሳኔው ከምድጃው ዳር ተነሥቶ ወደ ዝርዝር ጻፊው ጠረጴዛ ሄደ።

“ይህ እኮ ያለፈ ነው” የሚል አይጠፋም። አላለፈም።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ደረሰ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣ ዙሪያ፣ በመጠለያ ውስጥ ኖሩ። የ2015 ክረምት ዝናብ ሳይበቃ ቀርቶ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ዝቋላና ሰሃላ ሰየምት በድርቅ ስማቸው ተነሣ። የመጠለያን ማታ አስቡት። በሸራ ተለያይተው የሚያድሩ ቤተሰቦች ናቸው። ልጅ ቢተኛም ጎረቤት ይሰማል። ባልና ሚስት ስለ ዕዳ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ መመለስ የሚነጋገሩበት ጥግ የላቸውም። የዕርዳታ ዝርዝር ላይ ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ ይጻፋል። ተነጋግሮ የመወሰን ዕድል ግን የትም አይጻፍም።

ብርሃኑንም እናንሣ። ተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት ያለው፣ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ግድብ ነው። ውኃው ከዋግ ሸለቆዎች ጋር ይጎራበታል። ከሸለቆው በላይ ባሉ ብዙ መንደሮች ግን እናት እህል የምትለቅመው አሁንም በኩራዝ ወይም በባትሪ ነው። የሞተር ወፍጮ የሴቶችን ማታ የለወጠ ትልቅ ነገር ነበር፤ ነዳጅ ሲጠፋ ግን ወፍጮው ይቆማል፣ ሴቲቱም ወደ ድንጋዩ ትመለሳለች።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣን ስም የያዘ ቃል ገባ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ነው። ግቡ መልካም ነው፤ ከጤና ውጭ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን ማቀፉም ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ገንፎ እንዴት እንደሚበለጽግ ለእናት ከማስተማር እኩል፣ ያችን ገንፎ የምትሠራበትን ሰዓት ከየት እንደምታመጣ ይጠየቅ። ቀን ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ማታ ፈጭታ የምትተኛ ሴት የቀራት ሰዓት የለም። ውኃ ጉድጓድ፣ ወፍጮና መብራት የሕፃን ምግብ ናቸው። የአባትም ድርሻ አለ፤ ሥልጠናው ለእናት ብቻ ከተሰጠ ማታ ሸንጎው ላይ አንዷ ብቻ ናት የምታውቀው።

“ሰው እየተራበ ስለ ማታ ወግ ታወራለህ?” ለሚለኝ፣ መልሴ የ1977 ዓ.ም. ነው። የተራበ ሰው ከምንም ጊዜ በላይ መምከር ያስፈልገዋል። ዘሩን የሚያድነው፣ በሬውን በጊዜ የሚሸጠው ወይም የሚያቆየው፣ ሳይረፍድ የሚነሣው መክሮ ነው። ወሬ ቀድሞ ከደረሰው፣ ዕርዳታው መቼ እንደሚመጣ ከተነገረው፣ ሸንጎው የተሻለ ይወስናል። መንግሥትም ሆነ ረጂ ድርጅት ለአንድ ገበሬ ቤት ከእህል ቀጥሎ ሊያደርስለት የሚችለው ትልቅ ነገር እውነተኛ መረጃ በጊዜው ነው።

በአማርኛችን “የማታ እንጀራ ይስጥህ” ብለን እንመርቃለን። ምርቃቱ ለኋለኛው ዘመን ነው። ለዋግ ግን በቀጥታ ትርጉሙም ይሁንላት፤ ልጆች ጠግበው የሚተኙበት፣ ወላጆችም ተረጋግተው የሚመክሩበት ማታ።

ቸር አምሹ።