የቡሄው ከረሜላና የዕድሩ ድስት

ባለፈው ጠቅላላ ጉባዔ ስለ ድንኳን መቀደድና ስለ ወንበር ስብራት ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ፣ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ይኸውም «የዕድራችን ትልቁ ድስት ለቡሄ የልጆች ከረሜላ መሥሪያ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?» የሚል ነበር። ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ ደግሞ ተቆጣ። በመጨረሻም ውሳኔው ለሚቀጥለው ጉባዔ ተላለፈ። ነገሩ ከእኛ ቤት የተነሣ ነውና ታሪኩን ጽፈን እንድናቀርብ ታዘናል። እኛም የአንድ እናት ልጆች ተሰብስበን፣ አንዱ የረሳውን ሌላው እያስታወሰ፣ የሚከተለውን አዘጋጅተናል።

መቼም ከረሜላ የሚለው ስም ራሱ እንግዳ ነው። ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ስኳር የሚለው ደግሞ ከዐረብኛ። ይህም ነገሩ በየት በኩል እንደ ገባ ይነግረናል። ከዚያ በፊት በአገራችን ጣፋጭ ማለት ማር ነበር። ማር ደግሞ እንዲያው የትም የሚገኝ ነገር አልነበረም። ገበሬው ለባላባቱና ለቤተ መንግሥቱ ከሚያገባው ግብር አንዱ ማር ነበር፤ ከዚያም በጌሾ ተጥሎ ጠጅ ሆኖ ለግብር አዳራሽ ይቀርብ ነበር። ለልጅ የሚተርፈው ቢበዛ ብርዝ ወይም የሰፈፉን ጥራጊ መምጠጥ ነው። ሸንኮራ አገዳም ነበረ፤ እሱን በጥርስ ልጦ እየመጠጡ መትፋት እንጂ ስኳር አድርጎ ማውጣት በየቤቱ አይታወቅም ነበር።

ለቡሄም ቢሆን ልጆች የሚሰጣቸው ሙልሙል ነው። እንደሚነገረው፣ በደብረ ታቦር ተራራ ላይ ብርሃን በታየ ጊዜ እረኞቹ የመሸ ሳይመስላቸው በዚያው ስለ ቆዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተውና ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ስለዚህ ነው ነሐሴ 12 ማታ ችቦ የሚበራው፤ ጅራፍ የሚጮኸው፤ ልጆችም በየደጁ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል የሚቀበሉት። እንግዲህ ከረሜላችን ሙልሙሉን ሊሽር አልመጣም። ከጎኑ የተቀመጠ ነው። ይህን አስቀድመን የምንናገረው «አባቶቻችን የማያውቁትን» ለሚሉት ወገኖች መልስ እንዲሆን ነው።

ስኳር በብዛት ወደ አዲስ አበባ መግባት የጀመረው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። የሚሸጠውም በአብዛኛው በየመን ሰዎች ሱቅ ነበር። ዛሬ ሽማግሌ የሆንን ሁላችን «አረብ ቤት ሂድና ስኳር ግዛ» ተብለን የተላክን ነን። ከረሜላውም እዚያው ባንኮኒ ላይ በብርጭቆ ዕቃ ተደርድሮ ሲያጓጓን ይውላል። ስሙኒ የሌለው ልጅ ዓይቶ ይመለሳል።

ስኳር በአገር ውስጥ መሠራት የጀመረው በወንጂ ነው። መንግሥት ኤች ቪ ኤ ከሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር በ1943 ዓ.ም. ተዋዋለ። ኩባንያው ቀድሞ በኢንዶኔዥያ ሰፊ የአገዳ እርሻ የነበረው ሲሆን፣ ያች አገር ነፃ ስትወጣ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆኖበት ነበር። ፋብሪካውም በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ8 ዓመት በኋላ በዚያው ሜዳ ላይ ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረ፤ ቀጥሎም መተሐራ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ሁሉም በመንግሥት ተወረሱ። እውነቱን ለመናገር ግን ያ የአዋሽ ሜዳ ባዶ አልነበረም። ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት የጅሌ ኦሮሞዎች ከስፍራቸው ተነሥተዋል። አገዳውን የቆረጡትም ከከምባታና ከሀዲያ፣ ከሌላም አገር እየመጡ ከወባ ጋር የታገሉ ሠራተኞች ናቸው። ጣፋጩን ስናነሣ ይህንንም አብረን ብናነሣ ደግ ነው።

አባታችን በዚያ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። እናታችን ከረሜላ ማብሰል የተማረችው እዚያው በሠራተኞች መንደር ከጎረቤት ሴቶች ነው። በሱቅ የሚሸጠውን፣ ከወንጂ የሚወጣውን ደስታ ከረሜላ ልጆች ሲለምኗት፣ «ስኳሩ ያው ስኳር አይደል እንዴ? እኔስ እጅ የለኝም?» ብላ ጀመረች ይባላል። ወደ አዲስ አበባ መጥተን በዚህ ሰፈር ስንከራይ ያ ሙያ ከዕቃችን ጋር አብሮ ተጫነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ ስኳር፣ 2 ብርጭቆ ውኃ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ግማሽ ኪሎ ለውዝ ያስፈልጋል። ለውዙ የባቢሌ ቢሆን ይመረጣል። በምጣድ ተቆልቶ፣ ገለባው በእጅ ታሽቶና ተነፍቶ ይቀመጣል። ስኳሩ በውኃው ከሟሟ በኋላ ሎሚው ይጨመርና በከሰል ምድጃ ላይ ይጣዳል። ከዚያ በኋላ ማማሰያ መንካት ክልክል ነው! ከተማሰለ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። ሎሚውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮምጣጣነቱ ስኳሩን በከፊል ስለሚከፋፍለው እንደገና እንዳይረጋ ያግደዋል። እናታችን ይህን ሳይንስ አላነበበችም። «ሎሚ ከሌለው ይኮርፋል» ነበር የምትለው።

መብሰሉን የምታውቀው በሙቀት መለኪያ ሳይሆን በቀዝቃዛ ውኃ ነው። በማንኪያ ጫፍ ጠብታ ወስዳ በጣሳ ውኃ ውስጥ ትጥላለች። ጠብታው ከለሰለሰ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ይህ ዘዴ ምን ያህል ብልህነት እንዳለው የገባን ቆይቶ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ 150 ዲግሪ የሚለውን አይቶ የሚጠብቅ ሰው ከረሜላውን ያሳርራል። ከእኛ መካከል አንዱ መለኪያ ገዝቶ ሞክሮ አንድ ኪሎ ስኳር አቃጥሏል። የጣሳው ውኃ ግን ወንጂም ሆነ እዚህ ዋሽቶ አያውቅም።

ሲደርስ ለውዙ ይጨመርና ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ይፈስሳል። ሳይደርቅ በቢላዋ ይሠመራል። ሲቀዘቅዝ በየመሥመሩ ይሰበርና በወረቀት ይጠቀለላል። ቅቤና ወተት የለበትም። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሆነ፣ ለጾመኛ ልጅ የሚሆን ጣፋጭ ይህ ነው። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ከበዓላት ሁሉ ቡሄን የመረጠችው።

ነገሩ የቤታችን ብቻ መሆኑ የቀረው በደርግ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ስኳር በካርድ ሆነ። በቀበሌው ሱቅ ተሰልፎ፣ በቤተ ሰብ ቁጥር ተመዝኖ ይታደላል። ያም ቢሆን አንዳንድ ወር ይመጣል፤ አንዳንድ ወር ይቀራል። የእኛ ድርሻ ለሻይ እንኳ አይበቃም። የቡሄ ሰሞን እናታችን «ዘንድሮ ከረሜላ የለም» ስትል፣ አንዲት ጎረቤታችን ከራሷ ድርሻ አንድ ስኒ ስኳር በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ይዛ መጣች። ሌላዋም ሰማች፤ እሷም ስኒ ይዛ መጣች። ለውዝ ያላት ለውዝ፣ ከሰል ያላት ከሰል አመጣች። ቁራጮቹ ከጥፍር የማይበልጡ ሆኑ እንጂ ለሁሉም ልጅ ደረሰ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ከረሜላው የሰፈሩ ሆነ። ካርዱ ከቀረ በኋላም ስኒው አልቀረም።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ።

እናታችን በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አረፈች። ዕድራችን እንደ ወጉ ድንኳን ተከለ፤ አስተዛዛኝ ተመደበ፤ እኛንም አቁማችሁ አስቀበራችሁን። ውለታችሁን አንረሳም። አርባዋ ሳይወጣ ቡሄ ደረሰ። ማታ ላይ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው እስከ ደጃችን መጡና ጥቁር የለበስነውን ሲያዩ ዝም አሉ። ከመካከላቸው ትንሹ «እማማ የሉም እኮ» ሲል ሰማነው። ጅራፋቸውን ጠቅልለው ሊመለሱ ሲሉ፣ ያቺ በነጠላዋ ስኒ ያመጣችው ጎረቤታችን ከጓዳ ወጣችና፣ «ከእሷ ደጅ ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም! ነገ ኑ» ብላ ላከቻቸው።

በዚያን ሌሊት ሴቶቹ ተሰበሰቡ። የእናታችን ድስት ትንሽ ነበር። በግቢያችን ለአርባው የመጣው የዕድሩ ትልቅ ድስት ተቀምጧል። እሱን ጣዱት። ዳኛችን በሩ ላይ ቆመው፣ «ይህ የኀዘን ዕቃ ነው። የኀዘን ዕቃ ለጨዋታ አይጣድም» አሉ። ጎረቤታችንም «ጋሼ፣ እኛ መቼ ተጫወትን? ለቅሶ ላይ እኮ ነን» ብላ መለሰች። ዳኛው አልመለሱላትም፤ አልከለከሏትምም። ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከረሜላው ተሠራ። ልጆቹም በማግሥቱ ተቀበሉ፤ ሳይጮኹ፣ በዝግታ እየመረቁ። ድስቱ ግን ተበላሸ። የብዙ ኪሎ ስኳር እሳት ሲበዛበት ከሥር አርሮ፣ በአመድም በአሸዋም ቢፈገፈግ አልለቅ አለ። የንብረት ክፍሉ መረመረና በደንቡ መሠረት ቅጣት ጣለብን። ከፈልን። አልተከፋንም፤ ደንብ ደንብ ነው። ደረሰኙ እስከ ዛሬ አለን፤ «ለድስት ማሳረር» ይላል። ስለ እናታችን ከረሜላ በጽሑፍ ያለን ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ተነጋግረንበታል። በመጀመሪያ ዳኛው የጨከኑ መስሎን ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን እውነት አላቸው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ያን ሌሊት ሌላ አባል ቢያርፍ ኖሮ ያረረ ድስት ይዘን ምን ብለን እንቀርብ ነበር? ዕድር የተቋቋመው ለዚያች ሰዓት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ጎረቤታችንም እውነት አላት። ሰው ሲሞት የምንገናኝ፣ ሰው ሳለ የማንተዋወቅ ከሆነ፣ ድንኳኑ ሥር የሚቀመጠው እንግዳ ለእንግዳ ነው። ዛሬ ሰፈሩ እየፈረሰ፣ ገሚሱ ወደ ኮንዶሚኒየም እየሄደ፣ ልጆቹም በር ላይ ሳንቲም ተቀብለው የሚያልፉ ሆነዋል። የሰጪውን ስም አያውቁም። እኛ ግን ዛሬ አስከሬን የምንሸከም ሁሉ በልጅነታችን የየቤቱን ደጅ በሆያ ሆዬ ያወቅን ነን።

ስለሆነም ሐሳባችን የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ የዕድሩ ድስት ለቀብርና ለኀዘን ብቻ ይሁን፤ ጥያቄያችንን አንሥተናል። ሁለተኛ፣ ከዕድሩ ገንዘብ ሳይነካ፣ የፈቀደ አባል ብቻ አዋጥቶ አንድ ሌላ ድስት ይገዛ፤ የመጀመሪያውን መዋጮ እኛ እናደርጋለን። ሦስተኛ፣ ከየቤቱ እንደ ድሮው አንድ አንድ ስኒ ስኳር ይምጣ። ገዝቶ ማምጣት ለማይችል ለውዝ መፈልፈልም መዋጮ ነው። አራተኛ፣ የፈላ ስኳር ከፈላ ውኃ ይብሳል፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላልና ልጆች ወደ ምድጃው እንዳይጠጉ። ለአንድ ልጅም አንድ ቁራጭ ይበቃል። ስኳር የምንለው በሽታም ከመካከላችን ብዙ ሰው ስለያዘ፣ እኛ ትልልቆቹ ማሽተቱ ይበቃናል።

ያቺ ጎረቤታችን ዛሬ ዓይኗ ደክሟል፤ የጣሳው ውኃ ውስጥ ጠብታው ሲሰበር ግን በድምፁ ታውቀዋለች። ከእሷ መማር የሚፈልጉ ወጣቶች በነሐሴ መጀመሪያ ወደ ቤታችን ብቅ ቢሉ ደስ ይለናል። ምድጃውን እኛ እናቀጣጥላለን።

ለዓመቱ በሰላም ያድርሰን፤ ድስታችንንም ሥራ አያብዛበት።