እሽግ፦ ኢንተርኔት ለሌለው ሰርቨር

የሶፍትዌር ባለሙያዎች «ኮንቴይነር ኢሜጅ» የሚሉትን እዚህ «እሽግ» ብለነዋል። እሽግ የፕሮግራሙን ኮድ፣ አጋዥ ላይብረሪዎቹንና የሚነሣበትን ትእዛዝ አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ስንቁን ቋጥሮ እንደሚወጣ መንገደኛ፣ ከደረሰበት ሰርቨር የሚፈልገው ጥቂት ነው። አሠራሩን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር የተባለ ሶፍትዌር ነው። እሽጉ ግን በተለምዶ የሚወርደው ባሕር ማዶ ካለ ማከማቻ ነው። ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ የሕሙማንን ወይም የመሬት ይዞታን መዝገብ የሚይዝ ተቋም በዚህ ልማድ ላይ መተማመን የለበትም እላለሁ፤ ኢንተርኔት ቢኖረውም እንኳ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ቆይቷል። በእነዚያ ቀናት ዲስኩ የተቃጠለ ሰርቨር፣ እሽጉ በእጅ ከሌለ፣ አዲስ ዲስክ ቢገዛለትም አይነሣም ነበር። መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። መስመር ባለበት፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ፣ እሽጉ ይወርዳል፤ «ዶከር ሴቭ» በሚባለው ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ይለወጣል፤ በውጫዊ ዲስክ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወልቂጤ ሲደርስ በ«ዶከር ሎድ» ይጫናል። ሰርቨሮቹ ብዙ ከሆኑ በግቢው ውስጥ የራስ ማከማቻ ማቋቋም ይሻላል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጥል አንድ ነገር አለ፦ «ሌተስት» የሚል ምልክት ያለው እሽግ፣ እሽጎችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ በሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ላይ ሲነሣ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሥርዓቱ በተነሣ ቁጥር ማከማቻውን ይጠይቃል፤ ማከማቻው ካልተገኘ እሽጉ በዲስኩ ላይ እያለም ፕሮግራሙ አይነሣም። ስለዚህ እያንዳንዱ እሽግ ቁርጥ ያለ የስሪት ቁጥር ይሰጠው።

በእጅ የሚመጣ ዲስክ ቫይረስ ያመጣል የሚል ሥጋት ይነሣል፤ ተገቢ ሥጋት ነው። ሆኖም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላው የሻ-256 አሻራ በሌላ መንገድ፣ በስልክም ቢሆን፣ ተልኮ ሲመሳከር በመንገድ ላይ የተነካ ፋይል ይታወቃል። የጸጥታ ማሻሻያ ይዘገያል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። እውነትም ይዘገያል፤ መልሱ በየወሩ አዲስ እሽግ የማምጣት ግዴታን በሥራ ዕቅድ ውስጥ ማስገባትና ኃላፊነቱን በስም ለአንድ ሠራተኛ መስጠት ነው። እሽግ የመዝገቡን መረጃ እንደማይዝም አይዘንጋ፤ የዚያ ቅጂ ለብቻው ይቀመጣል።

የወልቂጤና የቡታጅራ የአይሲቲ ባለሙያዎች ሆይ፣ በሥራ ላይ ያሉትን እሽጎች አስቀምጡ፤ ከዚያም በመለማመጃ ሰርቨር ላይ የኔትወርክ ገመዱን ነቅላችሁ ሥርዓቱ ከባዶ ይነሣ እንደሆነ ሞክሩት።