የነፃ ሶፍትዌር መርሆች ከሶፍትዌር ውጭ

ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው ማንም ለፈለገው ዓላማ ሊጠቀምበት፣ አሠራሩን ሊያጠና፣ ሊያሻሽለውና ሊያሠራጨው የሚችል ፕሮግራም ነው። መርሆቹ ሲነደፉ የታሰበው ፕሮግራም ብቻ ስለነበር፣ በበጎ ፈቃደኞች የጋራ ሥራ ውስጥ ለሰነድ፣ ለፎንትና ለፎቶግራፍ እንዴት ይሠራሉ የሚለው አከራክሯል።

ክርክሩ ጎልቶ የወጣው ደቢያን በተባለው ስርዓተ ክወና ዝግጅት ነው። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀውን ማኅበራዊ ውል አባላቱ በ2004 በድምፅ አሻሻሉት፤ ነፃነቱ በስርዓቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደሚመለከትም ግልጽ ሆነ። በ2006 ደግሞ በጂኤንዩ ነፃ የሰነድ ፈቃድ የወጡ ጽሑፎች ነፃ የሚባሉት የማይነካ፣ ማለትም ማንም እንዳይለውጠው የተከለከለ ክፍል ከሌላቸው ብቻ ነው ተባለ። በዚህ ውሳኔ የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራች የሪቻርድ ስቶልማን ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም መመሪያ ራሱ ነፃ ካልሆኑት ጎራ ተመደበ። የሚያስገርም ቢሆንም ለመርህ መታመን ማለት ይኸው ነው።

ያው የሰነድ ፈቃድ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የዊኪፒዲያም ነበር። በዚያ ዓመት አማርኛውን ጨምሮ ሁሉም ዊኪፒዲያዎች ወደ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተሸጋገሩ። ስለዚህ ከአማርኛ ዊኪፒዲያ አንድ ጽሑፍ ወስዶ በመጽሐፍ ማሳተም፣ መሸጥም ይቻላል፤ ጸሐፊዎቹን መጥቀስና የተሻሻለውን ጽሑፍ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ግን ግዴታ ነው።

የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚ ጉዳዩን ይበልጥ የሚያገኘው በፎንት ነው። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት የወጣበት ክፍት የፎንት ፈቃድ፣ ፎንቱን ብቻውን መሸጥን ይከለክላል፤ ከሌላ ፕሮግራም ጋር አድርጎ መሸጥን ግን ይፈቅዳል። የተጠበቀ ስም ያለውን ፎንት ያሻሻለ ሰውም ሥራውን በሌላ ስም ማውጣት አለበት። የደቢያን የነፃ ሶፍትዌር መመሪያ ሁለቱንም ገደቦች ስለሚቀበል አቢሲኒካ በስርዓቱ ውስጥ ይገኛል። «ለንግድ አይውልም» የሚል ፈቃድ ያለው ሥራ ግን አይገባም፤ መመሪያው የሥራ መስክን ለይቶ መከልከልን አይቀበልምና።

ፎቶግራፍ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ከጎንደር በኮላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ የሚወርድ ሰው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ሥዕሎች ቢያነሳና ፎቶውን በነፃ ፈቃድ ቢለቅ፣ የሚሰጠው የራሱን መብት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ኢኮኖሚያዊ መብት የሚጠበቀው ለ25 ዓመት ነው። ሥዕሎቹ እጅግ የቆዩ በመሆናቸው የቅጂ መብት የላቸውም፤ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ አይፈቀድ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ ነው፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስም ስለዚህ የሚለው የለም።

የማኅበረሰብ ዕውቀት ሲመጣ መርሆቹ ይበልጥ ይጠባሉ። በዚያው አካባቢ ያለ የደምቢያ ገበሬ ስለ ጤፍ ዘር የሚያውቀውን አንድ ሰው ጽፎ በነፃ ፈቃድ ቢያወጣ፣ ፈቃዱ የሚሸፍነው ጽሑፉን ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ግን ስለ ጄኔቲክ ሀብት ያለውን ዕውቀት ለማግኘት የማኅበረሰቡን ቅድሚያ ስምምነት ይጠይቃል፤ ይህን ስምምነት ጸሐፊው በገበሬው ፈንታ ሊሰጥ አይችልም።