ሽፋኑም ምስክር ነው

የድሮ መጽሔት ሰብሳቢን ሰው የሚያመሰግነው በመጽሔቱ ውስጥ ስላለው ጽሑፍ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው የሽፋኑ ሥዕል ነው። ጥሩ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ይጠቀሳል፣ በመጽሐፍ ይታተማል። ሽፋን ግን ዕትሞቹ በአንድ ላይ ሲጠረዙ ተገንጥሎ የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዴ ከወደቀ ደግሞ ምትክ የለውም።

«ሠዓሊው ያላየውን ነው የሳለው፤ ታዲያ ለታሪክ ምን ይረባል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የፓሪሱ ጋዜጣ ለ ፔቲ ዡርናል ዳግማዊ ምኒልክን በዐድዋ ጦርነት ላይ አድርጎ በሽፋኑ ያወጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1898 ነው፤ ከድሉ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። የጣሊያኑ መጽሔት ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪዬሬ የሽፋን ሠዓሊ አኪሌ ቤልትራሜም ከሚላኖ እምብዛም ሳይርቅ ነበር የሩቅ አገር ጦርነት የሚስለው። ስለዚህ ከእነዚህ ሥዕሎች የውጊያውን አሰላለፍ መማር አይቻልም። የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው፤ የፓሪስና የሚላኖ አንባቢ ኢትዮጵያን በምን መልክ እንዲያይ እንደ ተፈለገ። የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1936፣ የአሜሪካው ታይም መጽሔት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዓመቱ ሰው ብሎ ሽፋኑ ላይ አወጣቸው። የዚያን ጊዜውን የላ ዶሜኒካና የታይም ሽፋን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰብሳቢ ዓለም ለሁለት ተከፍሎ እንደ ነበር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሳየናል። በአገር ውስጥም ከንጉሡ ዘመን መነን መጽሔት አንሥቶ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ማግሥት እስከ ፈሉት የግል መጽሔቶች ካርቱን ድረስ ያሉትን ሽፋኖች በተራ ማየት ዘመን እንዴት እንደ ተለወጠ ያስረዳል።

ሽፋኖችን ማቆየት ግን ቀላል አይደለም፤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሸቤ፣ በአጋሮም ሆነ በጅማ፣ ወረቀት ብዙ ጠላት አለው። ዝናብ በማያጣው የቡና አገር ይሻግታል፤ ከሻጋታ ያመለጠው ሱቅ ገብቶ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል፣ ወይም ለልዋጭ ይሰጣል። እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ ዕድሜ የሚያገኘው የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈው ነው። ይህ መሰብሰብ አይባልም የሚል ሰው ከፊል እውነት አለው። የተለጠፈ ሽፋን ጀርባው ይበላሻል፤ ጠርዙ ከተቆረጠ ቀኑም ቁጥሩም ይጠፋል። ነገር ግን ግድግዳው መደርደሪያ የማይናገረውን ይናገራል፤ ቤተሰቡ ከብዙ ገጾች መካከል የቱን መርጦ ለእንግዳ ዓይን እንደ ሰቀለ።

ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይበቃል የሚሉም አሉ። ፎቶ ሥዕሉን ያተርፋል እንጂ የወረቀቱን ውፍረት፣ የቀለሙን አነባበርና የሽቦ ስፌቱን ዝገት አያስቀርም፤ የዕትሙን ዘመን ለመለየት ደግሞ እነዚህ ያስፈልጋሉ።

በሸቤም ሆነ በአጋሮ አሮጌ ቤት የምታፈርሱ፣ ግድግዳውን ከመናዳችሁ በፊት በቦታው እንዳለ ፎቶ አንሡት፤ ከዚያ ወረቀቱን በውኃ አርሳችሁ በቀስታ አንሡ። ሳጥን ውስጥ ሙሉ መጽሔት ካገኛችሁም ለፍሬም ብላችሁ ሽፋኑን አትቁረጡ፤ እንዳለ ለጅማ ሙዚየም አሳዩት።