ምጽዋ፤ በባሕር መካከል ውሃ የጠማት ከተማ

 

በዛሬው የታሪክ ንግግራችን የምንሄደው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ምጽዋ ነው። ኤርትራ በግንቦት ወር 1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ምጽዋ የምትገኘው በሌላ አገር ወሰን ውስጥ ነው። ሆኖም የደጋው ማር፣ ሰም፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ባሕር የወጣው በእሷ በር ነበር። ስለዚህ የእሷን ታሪክ ሳያውቁ የአገራችንን ታሪክ አውቃለሁ ማለት ያስቸግራል። ዓመቶቹን በሙሉ የምንናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ስለ አቀማመጧ እንናገር። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ማለት ነው። የምጽዋ ከተማ በሁለት ትናንሽ ደሴቶችና በየብሱ ላይ ተዘርግታለች። አንደኛዋ ደሴት ባጽዕ ትባላለች፤ አሮጌው ከተማ፣ ገበያውና ወደቡ በእሷ ላይ ናቸው። ሁለተኛዋ ጠዋለት ትባላለች። ደሴቶቹ እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋር የተያያዙት በባሕሩ ውስጥ ድንጋይ ተሞልቶ በተሠራ መንገድ ነው።

ሙቀቷ የታወቀ ነው። የዓመቱ አማካይ 30 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለእኛ ክረምት በሚሆንበት ጊዜ እዚያ ፀሐዩ ይነድዳል፤ ጥቂቷ ዝናብ የምትጥለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ሲሆን፣ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ስለዚህም ሕዝቡ ቤቱን የሠራው ሙቀቱን አስቦ ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች የተሠሩት ከባሕር በወጣ ዛጎላማ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸውም ከእንጨት እንደ ወንፊት የተፈለፈለ በመሆኑ ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ ይከለክላል። ሲመሽ ደግሞ ሰው አልጋውን ወደ ሰገነት ወይም ወደ ደጅ አውጥቶ ይተኛል።

ምግቡስ? የባሕር ሰው ምግብ ዓሣ ነው። ዓሣው በጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋና የተፈጨ በርበሬ ተቀብቶ በጉድጓድ መሰል የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል። በዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ስስ ቂጣ ተለጥፎ ይጋገራል። ይህ አሠራር ከማዶ፣ ከየመን ጋር አንድ ነው። ሩዙ ከህንድ፣ ተምሩ ከዓረብ አገር በጀልባ ይመጣ ነበር፤ ቅቤውን ከየብስ የሚያመጡት ትግረ ተናጋሪ ከብት አርቢዎች ነበሩ። ቡናውም ዝንጅብል ይገባበታል። እንግዲህ አንድ ማዕድ ላይ ባሕሩም፣ ማዶውም፣ ቆላውም፣ ደጋውም ይገናኛሉ ማለት ነው። በገበያው ትግረ፣ ትግርኛና ዓረብኛ ይነገራል፤ አንዱ ሰው ሦስቱንም ቢናገር የሚደነቅ የለም።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በጥንት ዘመን የአክሱም መንግሥት ወደብ ከምጽዋ በስተደቡብ የነበረው አዱሊስ ነው። አዱሊስ ከጠፋ በኋላ የዳህላክ ደሴቶችና ምጽዋ እየበረቱ መጡ። በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በዚሁ ዳርቻ እንደወረዱ ይነገራል፤ በምጽዋ ያለው የሰሃባ መስጊድም በእነሱ ስም ይጠራል። በ1512 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የተላኩት የፖርቱጋል መልእክተኞች ከመርከብ የወረዱት እዚህ ነው። በ1533 ዓ.ም. ደግሞ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ነፍጠኞች ይዞ በዚሁ በር ገባ። ከዚያም በ1549 ዓ.ም. የኦቶማን ቱርኮች ከተማዋን ያዙ።

ቱርኮች ግን ደሴቲቱን ይያዙ እንጂ ከየብሱ ውጪ መኖር አልቻሉም። ለምን ቢባል፣ ደሴቲቱ ጣፋጭ ውሃ የላትም! ዙሪያዋ ሁሉ ውሃ ነው፣ የሚጠጣ ግን የለም። የዝናብ ውሃ በጉድጓድ ቢጠራቀምም ቶሎ ያልቃል። ውሃው የሚመጣው ከየብሱ፣ ከሕርጊጎና ከእምኩሉ ጉድጓዶች ነበር። እምኩሉ ከደሴቲቱ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ያህል ይርቃል። የዚያ መንደር ሴቶችና ልጃገረዶች በጀርባቸው የቆዳ አቁማዳ ተሸክመው በዚያ ሙቀት ይመላለሱ ነበር። የነጋዴው ቡናም የፓሻው መታጠቢያም የሚሞላው በእነሱ ጀርባ ነበር። የከተማዋ ታሪክ ሲጻፍ ግን የፓሻዎቹ ስም ተጻፈ፤ ከውሃ ቀጂዎቹ አንዷ እንኳ በስሟ የተጠራችበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

ውሃውንና መንገዱን የያዘ ሰው ደግሞ ኃይል ነበረው። ቱርኮች በሕርጊጎ ከሚኖር የበለው ቤተሰብ ናይብ የሚባል ሹም ሾመው ነበር። ናይብ ማለት እንደራሴ ማለት ነው። ናይቡ ከደጋ የሚወርደውንም ከባሕር የሚወጣውንም መንገደኛ እየያዘ ቀረጥ ይቀበላል። በ1762 ዓ.ም. የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ለሁለት ወር ያህል በናይቡ እጅ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ደጋ የወጣው።

በ1850ዎቹ መጨረሻ ምጽዋ ወደ ግብፅ አስተዳደር ተላለፈች። በ1860ዎቹ ለግብፅ ያገለግል የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ደሴቶቹን ከየብሱ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ አሠራ፤ ከእምኩሉም ውሃ በቦይ አስመጣ። ያን ጊዜ የአቁማዳው ሸክም ቀለል አለ። ሙንዚንገር ራሱ ግን ለወረራ ወደ አውሳ ዘምቶ በ1868 ዓ.ም. በአፋሮች እጅ ሞተ።

አሁን ደግሞ ስለ ሉል እንናገር። ሉል በባሕር ውስጥ በአንድ ዓይነት ዛጎል ሆድ የሚገኝ ነጭ እንቁ ነው። የዳህላክ ባሕር በሉል የታወቀ ነበር። ጠላቂው በእግሩ የታሰረ ድንጋይ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትንፋሹን ውጦ ዛጎሉን ይለቅማል፤ ገመዱን ሲነቀንቅ ከላይ ያሉት ይስቡታል። ከጠላቂዎቹ ብዙዎቹ ባሪያዎች ወይም ከባርነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። በምጽዋ ተቀምጠው ንግዱን የያዙት ደግሞ የህንድ ባንያኖችና የዓረብ ነጋዴዎች ነበሩ።

ታዲያ አሠራሩ እንዴት ነበር? ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ነጋዴው ለጀልባው አዛዥ ገንዘብ፣ ማሽላ፣ ተምርና ጨርቅ ያበድራል። አዛዡም ለጠላቂዎቹ ያከፋፍላል። የወሰዱት ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል። ሲመለሱ ሉሉ ይመዘናል፣ ዋጋው ይቆረጣል፣ ከብድሩም ይቀነሳል። ባሕሩ የሰጠው ጥቂት ከሆነ ዕዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ሚዛኑም ብዕሩም በነጋዴው እጅ ነው። መዝገቡ በዓረብኛ ወይም በህንድ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ጠላቂው አያነበውም። «ይህን ያህል ቀርቶብሃል» ሲሉት «እሺ» ከማለት በቀር ምን ያደርጋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ትሉ የለም? እዚህ ላይ ልብ በሉ። የጠላቂው ድካም በቃል ቀረ፤ ዕዳው ግን በጽሑፍ ሰፈረ። ነጋዴው ሁሉ አጭበርባሪ ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከሁለት ሰዎች አንዱ ብቻ የሚያነበው ሒሳብ፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ለማያነበው ሰው ከፍርድ አይለይም።

የሉሉ ንግድም ቆየና ወደቀ። ጃፓኖች ሉልን በባሕር ውስጥ ማርባት ከቻሉ በኋላ ዋጋው ረከሰ። ለቁልፍ መሥሪያ ይሸጥ የነበረውም ዛጎል በፕላስቲክ ተተካ።

በጥር ወር 1877 ዓ.ም. ጣሊያኖች ያለ ውጊያ ምጽዋን ያዙ። ወደ ውስጥ ሲገፉ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ 500 ያህል ወታደር የነበረበትን ጦራቸውን ደመሰሱ። ጣሊያኖች ከዚያ በኋላ ከምጽዋ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ያዙ፤ ሐዲዱ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ገባ። በየብሱ ዳርቻም የጨው ማምረቻ ተቋቋመ። የባሕር ውሃ ወደ ሰፊ ገንዳ ይገባል፣ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። ያች ሰውን የምታንገበግብ ፀሐይ እዚህ ላይ ሠራተኛ ሆነች ማለት ነው።

ከተማዋ መከራም አላጣትም። በነሐሴ ወር 1913 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን አፈረሰ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲደርሱ ጣሊያኖች የራሳቸውን መርከቦች አስጥመው ወደቡን ዘጉ፤ በኋላም በአሜሪካዊው መኮንን በኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚመሩ ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል ያነሱ ጀመር። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ ምጽዋም የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ጦር ሰፈር ሆነች። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር ከከባድ ውጊያ በኋላ ያዛት። ከዚያም ከአየር ተደበደበች፤ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፣ ለረሃብተኞች የመጣ የእርዳታ እህልም በመጋዘን ውስጥ ተቃጠለ። የዚያ ጦርነት ጠባሳ በአሮጌዎቹ ግድግዳዎች ላይ ቀርቷል።

ውድ አድማጮች፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንይዛለን? ምጽዋን የፈለጓት ነገሥታትና ፓሻዎች ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም መጡ፣ ሁሉም ሄዱ። ያኖሯት ግን ውሃ ያመላለሱት ሴቶች፣ ባሕር የጠለቁት ወንዶች፣ ጨው የዛቁት ሠራተኞች ናቸው። እነዚህ ስለ ራሳቸው ሳይጽፉ አለፉ። እናንተ ግን አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። የመጀመሪያው ጥቅሙ የተበደራችሁትንና የከፈላችሁትን በራሳችሁ እጅ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ የመንደራችሁን አዛውንቶች ጠይቃችሁ፣ ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበረ፣ ማን ይቀዳ እንደነበረ በስማቸው መጻፍ ነው።

ለመወያያ፦
1. ምጽዋ በባሕር የተከበበች ሆና ሳለ ውሃ የቸገራት ለምንድን ነው?
2. ጠላቂው መዝገቡን ማንበብ ቢችል ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ምንስ ሳይለወጥ ይቀር ነበር?
3. በእናንተ አካባቢ ብዙ ሠርተው ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች እነማን ናቸው? የአንዱን ስምና ሥራ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ።